ሠላሳ አራት ዓመት የጠየቀ ሞለኪውል፦ የዶሮቲ ሆጅኪን የምርምር ሕይወትና የዋቢ ቆጠራ

ብሪታኒያዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ዶሮቲ ክሮውፉት ሆጅኪን የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ ፎቶግራፍ ያነሳችው በ1935 ነው፤ የሞለኪውሉን ቅርጽ ከባልደረቦቿ ጋር ለዓለም ያሳወቀችው ግን በ1969 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ መካከል 34 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን መዋቅር ፈትታለች፣ ሦስት ልጆች አሳድጋለች፣ ኖቤል ተሸልማለች። በዚያው ዘመን ሌላ ሥራም ተጀምሮ ነበር፦ አንድን ሳይንቲስት፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፎቻቸው ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደጠቀሱት ቆጥሮ መመዘን። ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ቆጠራው የሚይዘውና የሚያመልጠው ምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

ሙያው

የሕይወት ሞለኪውሎችን ቅርጽ የማወቅ ሙያ ከኤክስሬይና ከክሪስታል ጋብቻ የተገኘ ነው። አቶሞች ከዓይን ብርሃን የሞገድ ርዝመት በሺህ እጥፍ ያነሱ በመሆናቸው በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። የኤክስሬይ ሞገድ ግን በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ላወ በ1912 ኤክስሬይ ክሪስታልን አልፎ ሲሄድ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች በፎቶ ሰሌዳ ላይ እንደሚጥል አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ብራግና ልጁ ሎረንስ ከነጠብጣቦቹ ተነሥተው የገበታ ጨው አቶሞች እንዴት እንደተሰደሩ አስረዱ።

ጨው ቀላል ነበር። ሞለኪውሉ እየተለቀ ሲሄድ ግን ችግር ይመጣል። ሰሌዳው የሚመዘግበው የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ሞገዶቹ እርስ በርስ ያላቸው መቀዳደም፣ በሙያው አጠራር «ፌዝ» የሚባለው፣ ይጠፋል። በአንድ ማኅሌት ከበሮውና ጸናጽሉ ምን ያህል ጮክ ብለው እንደተመቱ ተጽፎ እያንዳንዱ መቼ እንደገባ ሳይጻፍ ቢቀር፣ ዜማውን መልሶ ማቆም እንደሚያዳግት ማለት ነው። ከተገኙት መላዎች አንዱ በክሪስታሉ ውስጥ ከባድ አቶም ማስገባት ነበር። ከባዱ አቶም ኤክስሬይን ከሌሎቹ አብልጦ ስለሚበትን ቦታው ቀድሞ ይታወቃል፤ የቀሩትም በእሱ መሪነት ይፈለጋሉ። ስሌቱ ለረጅም ጊዜ የተሠራው በእጅ ነበር። በ1936 ቢቨርስና ሊፕሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቁጥሮች አስቀድመው የታተሙባቸው የካርቶን ዘንጎች በሣጥን አዘጋጁ። ተመራማሪው የሚፈልጋቸውን ዘንጎች እየመዘዘ ጎን ለጎን ይደረድርና ዓምዶቹን ይደምራል። የአቶሞቹን ቦታ የሚያሳይ አንድ ካርታ ለመሥራት ሺህ ጊዜ መመዘዝና መደመር ነበረበት።

ከካይሮ እስከ ኦክስፎርድ

ዶሮቲ ክሮውፉት ግንቦት 12 ቀን 1910 በካይሮ ተወለደች። አባቷ ጆን ክሮውፉት በግብፅ፣ በኋላም በሱዳን በትምህርት አስተዳደር ያገለገለ፣ ከዚያም ወደ አርኪኦሎጂ የገባ ሰው ነው። እናቷ ሞሊ ዕፅዋት የምትሥልና የጥንታዊ ሽመና ዐዋቂ ነበረች። ልጅቷ አብዛኛውን ዕድሜዋን በእንግሊዝ ያሳለፈች ሲሆን በዐሥር ዓመቷ ገደማ በትንሽ የትምህርት ክፍል ውስጥ የመዳብ ሰልፌትና የአልም ክሪስታሎች ሲያድጉ አይታ ተማረከች። በ13 ዓመቷ፣ ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት ካርቱም ወላጆቿን ስትጎበኝ፣ ዶክተር ጆሴፍ የተባለ የአፈር ኬሚስት የኬሚካልና የማዕድን ናሙናዎች የያዘ ሣጥን ሰጣት። በወላጆቿ ግቢ ያገኘችው ጥቁር ማዕድን ኢልሜናይት የተባለው የብረትና የቲታኒየም ውሁድ መሆኑን በራሷ ምርመራ ለየች። በ16ኛ ልደቷ እናቷ የሰጠቻት የዊልያም ብራግ መጽሐፍ፣ አቶሞችን በኤክስሬይ «ማየት» እንደሚቻል ነገራት።

በ1928 ኦክስፎርድ ሰመርቪል ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ወላጆቿ በዮርዳኖሷ ጀራሽ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ሲቆፍሩ አብራ ሠርታ፣ በወለሉ ላይ የተነጠፉትን ባለቀለም ጠጠሮች ንድፍ በወረቀት ገልብጣለች። አንድ ቅርጽ በሥርዓት ሲደጋገም ምን እንደሚመስል ዓይኗ የለመደው በዚያ ነው ማለት ይቻላል፤ ክሪስታልም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በ1932 ወደ ካምብሪጅ ተሻግራ ከጆን ዴዝሞንድ በርናል ጋር መሥራት ጀመረች። በ1934 በስዊድን ኡፕሳላ ያደጉ የፔፕሲን ክሪስታሎች ከነፈሳሻቸው በብልቃጥ ለበርናል ደረሱ። ፔፕሲን ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበት ፕሮቲን ነው። እስከዚያ ድረስ የፕሮቲን ክሪስታሎች በኤክስሬይ ሲነሡ ብዥታ እንጂ ነጠብጣብ አይሰጡም ነበር። በርናል ምክንያቱን በማይክሮስኮፕ አየው፦ ክሪስታሉ ከፈሳሹ እንደወጣ ይደርቃል፣ ሥርዓቱም ይፈርሳል። ክሪስታሉን ከነፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሽጎ ሲያነሣው ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ተገኙ። የመጀመሪያው ፎቶ በተነሣበት ቀን ክሮውፉት በቤተ ሙከራው አልነበረችም። ገና በወጣትነቷ የእጆቿን መገጣጠሚያዎች ያጠቃት የሕመም ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ወደ ለንደን ወስዷት ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው ይህ በሽታ ጣቶቿን እያጣመመ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አብሯት ኖረ። ውጤቱ በግንቦት 1934 ኔቸር በተባለው መጽሔት በሁለቱ ስም ታተመ፤ የፕሮቲን ክሪስታሎግራፊም ከዚህ አጭር ጽሑፍ ይጀምራል።

በዚያው ዓመት ወደ ኦክስፎርድ ተመለሰች። የሥራ ክፍሏ በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሕንፃ ውስጥ የነበረ ጨለም ያለ ክፍል ነው። ክሪስታል የሚመረጥበት ማይክሮስኮፕ የተቀመጠው ብርሃን በሚገባበት ረጅም መስኮት ሥር፣ በመሰላል በሚወጣበት ሰገነት ላይ ነበር። ጥቃቅኖቹን ክሪስታሎች በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መሰላሉን እየጨበጠች ትወርድ ነበር።

ሦስት ሞለኪውሎች

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ሮበርት ሮቢንሰን ጥቂት ሚሊግራም የኢንሱሊን ክሪስታል ሰጣት። ክሪስታሎቹን አሳድጋ በ1935 አነሣቻቸው። አንድ ምሽት ሰሌዳውን አጥባ ነጠብጣቦቹን ባየች ጊዜ የተሰማትን ደስታ፣ ዕድሜ ልኳን ከተሰሟት ሁሉ ሳይበልጥ እንዳልቀረ በኋላ ተናግራለች። ነጠብጣቦቹን ወደ አቶም የሚመልስ ስሌት ግን በጊዜው አልነበረም። ኢንሱሊን ከሃይድሮጅን ውጭ ከ400 በላይ አቶሞች አሉት፤ የዘመኑ ባለሙያ ደግሞ በጥቂት ዐሥሮች ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ትልቁን አቆይታ ትንንሾቹን ያዘች።

ቀዳሚው ፔኒሲሊን ነበር፤ ከሃይድሮጅን ውጭ ያሉት አቶሞች 23 ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ መድኃኒቱ ለቁስለኛ ወታደር እጅግ ያስፈልግ ስለነበር፣ ቅርጹ ከታወቀ በፋብሪካ ለማቀነባበር ይቻላል የሚል ተስፋ ነበር። ኬሚስቶቹ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ክርክሩ በአራት አቶም የተሠራች፣ ለመሰበር የምትጣደፍ ትንሽ ቀለበት በሞለኪውሉ ውስጥ አለች ወይስ የለችም የሚል ነበር። ሮቢንሰን የለችም ከሚሉት ወገን ነበር። ክሮውፉት ከባርባራ ሎው ጋር የፖታሲየምንና የሩቢዲየምን የፔኒሲሊን ጨዎች በኤክስሬይ መረመረች። አይሲአይ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቻርለስ በንና አን ተርነር-ጆንስም በበኩላቸው የሶዲየሙን ጨው መረመሩ። ጦርነቱ በአውሮፓ ባበቃበት በ1945 ቀለበቷ መኖሯ ተረጋገጠ። ቤታ-ላክታም የምትባለው ይህች ቀለበት የባክቴሪያን ግንብ ሥራ የምታሰናክል ናት፤ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው አሞክሳሲሊንም ይዟታል።

ቀጣዩ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ጉድለቱ ቀድሞ ሰው ይገድል የነበረ ብርቱ የደም ማነስ ያመጣል። ቀያዮቹ ክሪስታሎች በ1948 ከግላክሶ ኩባንያ ደረሷት። ከሃይድሮጅን ውጭ 93 አቶሞች ያሉት ሞለኪውል ሲሆን፣ በመካከሉ አንድ የኮባልት አቶም በመኖሩ ተፈጥሮ ራሷ ከባዱን አቶም አስገብታለታለች። በ1953 ኦክስፎርድን የጎበኘው አሜሪካዊው ኬኔት ትሩብለድ በሎስ አንጀለስ ፈጣን ኮምፒዩተር ያለ ክፍያ ሊያሰላላት ተስማማ። በዚያው ዓመት ከሰላም ማኅበራት ጋር ባላት ግንኙነት የተነሣ አሜሪካ እንዳትገባ ተከልክላ ነበር። እሷ ባትሻገርም ቁጥሮቿ በአየር ፖስታና በቴሌግራም ተሻገሩ፣ ውጤቱም በዚያው መንገድ ተመለሰ። መዋቅሩ በ1956 በሙሉ ታተመ። በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ብቻዋን ተሸለመች። ዜናው የደረሳት ባለቤቷ ቶማስ ሆጅኪን የአፍሪካ ጥናት ተቋም ይመራ በነበረበት በጋና ነው። አንድ የብሪታኒያ ዕለታዊ ጋዜጣ ዜናውን «የኦክስፎርድ የቤት እመቤት» ተሸለመች በሚል ርእስ አወጣው።

ኢንሱሊን በመጨረሻ መጣ። በካምብሪጅ ማክስ ፔሩትዝ በ1953 ከባድ አቶሞችን በፕሮቲን ክሪስታል ላይ ማሳረፍ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ኮምፒዩተርም ተሻሽሎ ነበር። በኢንሱሊን ክሪስታል ውስጥ ስድስት ሞለኪውሎች በሁለት የዚንክ አቶሞች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ቆሽትም ኢንሱሊንን የሚያከማቸው በዚሁ ሁኔታ ነው። የሆጅኪን ቡድን ዚንኩን በሌሎች ብረቶች ለመተካትና ከባድ አቶሞች ለመጨመር ዓመታት ለፋ። በ1969 የኤሌክትሮኖቹ ጥግግት ካርታ ተሰልቶ በግልጽ ንጣፎች ላይ ተሥሎ ሲደራረብ፣ የሞለኪውሉ እጥፋት ታየ። በተመሳሳይ ጊዜ በቤይጂንግ የቻይና ሳይንቲስቶች ከዓለም ተነጥለው ይኸንኑ ሞለኪውል ፈትተው ነበር። ሆጅኪን ወደዚያው ሄዳ ሥራቸውን አይታ በ1972 በኪዮቶ በተደረገው ዓለም አቀፍ የክሪስታሎግራፊ ጉባኤ ላይ ለሙያው ሰዎች አስታወቀች።

የሚቆጥረው መዝገብ

በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ደራሲው የተጠቀመበትን የሌላ ሰው ሥራ በዋቢነት ያስቀምጣል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እነዚህን ዋቢዎች ገልብጦ የመመዝገብ ሐሳብ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አቀረበ። አርአያ ያደረገው የአሜሪካ ጠበቆች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሙበትን፣ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። የጋርፊልድ «የሳይንስ ዋቢ ማውጫ» መደበኛ ኅትመቱን የጀመረው ሆጅኪን በተሸለመችበት በዚያው በ1964 ነው። ዓላማው ተመራማሪ የሚፈልገውን ጽሑፍ እንዲያገኝ መርዳት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ቁጥሩ የሰውና የመጽሔት መመዘኛ ሆነ። በ2005 ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎችና ዋቢዎች በአንድ ቁጥር የሚጠቀልል «ኤች-ኢንዴክስ» አቀረበ። ቁጥሩ 20 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

የሆጅኪን ሥራ በዚህ መዝገብ ሲታይ ከብዙ ቦታ ያንሳል። አንደኛው ምክንያት ስም ነው። በ1937 ብታገባም እስከ 1949 ገደማ የፈረመችው «ክሮውፉት» ብላ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ሆጅኪን» ሆነች። በመዝገቡ የፊደል ተራ አንዲቷ ሴት ሁለት ሆነች ማለት ነው። ሁለተኛው የኅትመት መንገድ ነው። የፔኒሲሊን ምርምር በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር የተያዘ በመሆኑ፣ ዝርዝሩ የወጣው በመጽሔት ሳይሆን በ1949 በታተመ የብዙ ደራስያን ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ ነው። ሦስተኛው የስም ቅደም ተከተል ነው። የቀድሞው ማውጫ ጽሑፍን የሚያስገባው በመጀመሪያው ደራሲ ስም ነበር። የፔፕሲኑ ጽሑፍ በበርናል ስም ይገኛል። የ1969ኙ የኢንሱሊን ጽሑፍ ዐሥር ደራስያን አሉት። ካርታውን በቅርብ የሠሩት አምስቱ በፊደል ተራ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ በመጀመሪያ ማርጋሬት አዳምስ ትገኛለች። ቀሪዎቹ አምስት በፊደል ተራ ይከተላሉ። ክሪስታሉን ከ34 ዓመት በፊት ያነሣችው፣ ቡድኑን ያቋቋመችውና ኖቤል የተሸለመችው ሆጅኪን ስምንተኛ ናት።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ የጠለቀ ነው። ግኝት ሲገንን ዋቢው ይቀራል። የፔኒሲሊንን ቀለበት የሚጽፍ ፋርማሲስት የ1949ኙን ምዕራፍ አይጠቅስም፤ የጨው ቅርጽ ሲነሣ ብራግ እንደማይጠቀሰው ሁሉ። የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን ይህን በ1968 ስም ሰጥቶታል፤ ግኝት የጋራ ዕውቀት ሲሆን ባለቤቱ በዚያው ይሰወራል የሚል ነው።

በተቃራኒው፣ ቁጥሩ የሚያብጠው የሥራ መሣሪያ በሚሰጡ ጽሑፎች ላይ ነው። በታሪክ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ግንባር ቀደሙ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያወጡት ፕሮቲንን የመለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ከክሪስታሎግራፊ ዓለም ደግሞ የጆርጅ ሼልድሪክ ታሪክ አለ። ሼልድሪክ ከ1970 ገደማ ጀምሮ «ሼልኤክስ» የተባሉ የመዋቅር መፍቻ ፕሮግራሞችን ጻፈ፤ ዓለም ለአሥርተ ዓመታት ተጠቀመባቸው። በጥር 2008 የፕሮግራሞቹን አጭር ታሪክ አክታ ክሪስታሎግራፊካ በተባለው መጽሔት አሳትሞ፣ ተጠቃሚዎች ይህን ጽሑፍ ዋቢ ሊያደርጉት እንደሚችሉ በመግቢያው ገለጸ። ጥቆማው በአሥር ሺዎች ተተገበረ። በዚህ አንድ ጽሑፍ ምክንያት 2 ገደማ የነበረው የመጽሔቱ ዓመታዊ የተጠቃሽነት መለኪያ በ2009 ወደ 50 ዘለለ፤ በቁጥር ታላላቆቹን መጽሔቶች በለጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጽሑፉ ከስሌቱ የዕድሜ ገደብ ሲያልፍ፣ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ቦታው ወረደ። በመጽሔቱ በሌሎቹ ጽሑፎች ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ከቁጥሩ ውጭ የቀረው

የሆጅኪን ሥራ የደረሰበትን ለማየት ሰዎቹን መከተል ይሻላል። በሒሳብ ትምህርቷ ከአውስትራሊያ መጥታ በረዳትነት የተቀጠረችው ኤሌነር ዶድሰን፣ ባለቤቷን ጋይ ዶድሰንን ተከትላ ወደ ዮርክ ከሄደች በኋላ፣ «ሲሲፒ4» ለተባለው በመላው ዓለም ለሚሠራበት የፕሮቲን መፍቻ የፕሮግራም ስብስብ ከዋና ገንቢዎቹ አንዷ ሆነች። ማማናማና ቪጃያን ወደ ባንጋሎር ተመልሶ የሕንድን የፕሮቲን ክሪስታሎግራፊ አቋቋመ። ቴድ ቤከር ሙያውን ወደ ኒውዚላንድ ወሰደው። ቶም ብለንደል በብሪታኒያ መድኃኒትን ከፕሮቲን ቅርጽ ተነሥቶ መቀመም ላይ ተሠማራ። በ1946–47 በቤተ ሙከራዋ የመመረቂያ ምርምሯን የሠራች ማርጋሬት ሮበርትስ የተባለች ተማሪ ደግሞ ሳይንሱን ትታ ማርጋሬት ታቸር በሚለው ስም የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። በፖለቲካ ባይስማሙም የመምህሯን ሥዕል በጽሕፈት ቤቷ ሰቅላ ነበር።

ሕሙማንም አሉ። ስድስቱ ሞለኪውሎች በምን በምን እንደሚያያዙ በመታወቁ፣ መያያዣውን አላልቶ ኢንሱሊኑ በፍጥነት ወደ ደም እንዲገባ ማድረግ ተቻለ። በ1996 ለሽያጭ የተፈቀደው ፈጣኑ ኢንሱሊን ሊስፕሮ የተሠራው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ቦታ በማለዋወጥ ነው። ከምግብ በፊት ወዲያው የሚወጋው የስኳር ሕመምተኛ የቅርጹን ታሪክ ማወቅ አይጠበቅበትም።

የተከማቸው መዛግብትም አሉ። በ1971 በአሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ «የፕሮቲን መረጃ ባንክ» ሲከፈት የያዘው ሰባት መዋቅሮችን ነበር፤ በ2023 ከ200,000 አልፈዋል። የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ተራ የሚተነብየው «አልፋፎልድ» የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠነው በዚህ ክምችት ላይ ነው። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ለደሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ሲሰጥ፣ ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፍለውታል፤ ትንበያው የቆመው ግን ስማቸው በማይጠራ በሺህ የሚቆጠሩ ክሪስታል አሳዳጊዎች ሥራ ላይ ነው።

ሆጅኪን ከ1976 እስከ 1988 የፓግዋሽን የሰላም ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መርታ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1994 በ84 ዓመቷ አረፈች። በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል የተሰቀለው፣ ማጊ ሃምብሊንግ በ1985 የሣለችው ምስሏ፣ በወረቀት በተሞላ ጠረጴዛ ዙሪያ በአራት የተጣመሙ እጆች ስትሠራ ያሳያታል። የመጨረሻው ዝርዝር የኢንሱሊን መዋቅር በ1988 ሲታተም፣ ከመጀመሪያው ፎቶ 53 ዓመት ሆኖት ነበር። በፊደል ተራ የመጀመሪያው ደራሲ አሁንም ሌላ ሰው ነው፦ ቴድ ቤከር። መዋቅሩ በፕሮቲን መረጃ ባንክ «4አይኤንኤስ» በሚል መለያ ተቀምጧል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው ይችላል።